በቀትር የጠራ መግሪብ

ሐይቅ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህና ለማታዳምጠኝ ወንድሜ ለሐቢብ
ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አንተ፣ ሂዳያና ሕፃኑ እንደምን ከርማችኋል? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። «አለን» ስልህ እማና እኔ ነን፤ እሷ ተኝታ፣ እኔ ቆሜ።

እማ አዲስ አበባ ተወስዳ የምግብ ቱቦ እንዲገባላት የላክኸው መኪና ትናንት ባዶውን ተመልሷል። ሹፌሩ ወንዱ ገና ደሴ ሳይደርስ ደውሎ እንደነገረህ አውቄያለሁ፤ ከዚያን ሰዓት ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ደውለህልኛል። አላነሳሁም። ፈርቼህ እንዳይመስልህ። በጀርባዬ አዝዬ፣ ንፍጥህን ጠርጌ ያሳደግሁህ ልጅ ነህ፤ አሁን ጢም ስላወጣህ አልፈራህም። ያላነሳሁት በስልክ የምናደርገው ነገር ንግግር ስላልሆነ ነው። አንተ ታለቅሳለህ፣ እኔ እቆጣለሁ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይቆረጣል። የድምፅ መልእክት ስልክልህ ደግሞ የመጀመሪያውን ግማሽ ትሰማና ስላልሰማኸው ግማሽ ትጨቃጨቀኛለህ።

ወረቀት ግን አይቆረጥም። ዙህር ሰግጄ፣ የስፌት መኪናዬን ጨርቅ አልብሼ፣ እማ አጠገብ ቁጭ ብያለሁ። ጽፌ ስጨርስ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቼ በኢሞ እልክልሃለሁ፤ ዋናውን ለዕረፍት የመጣው ማህዲ ሐሙስ ወደ ጅዳ ሲመለስ ይዞልህ ይመጣል። እስከ መጨረሻው ሳታነብ ብትደውል አሁንም አላነሳም።

መኪናውን ለምን እንደመለስኩት ለመናገር ከነሐሴ መጀመር አለብኝ። እማ ካለፈው ረመዳን ወዲህ ቃል ከአፏ እንዳልወጣ ታውቃለህ። ከዚያ በፊት ቢያንስ «ይቺ ሴትዮ ማን ናት? ቤት የላትም እንዴ?» ትል ነበር። ይቺ ሴትዮ እኔ ነኝ። ተናድጄ «ቤቴ ይኸው ነው» ስላት ትስቅብኝ ነበር፤ አሁን ያ መናደዴም ናፍቆኛል። ነሐሴ ላይ ደግሞ መብላት ተወች። ማንኪያ ሳስጠጋላት ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ፊቷን ዘወር ታደርጋለች። አጥሚቱን አቅጥኜ፣ አወፍሬ፣ በማር፣ በወተት፣ ሾርባውን አጥልዬ፣ ያልሞከርኩት የለም። ስለማመጣት ዓይኗን ጨፍና እስክጨርስ ድረስ በትዕግሥት ትጠብቀኛለች። ምሽት ላይ ጥቂት ትቀምሳለች፤ እኔም ረሃቡ አሸንፏት ነው ብዬ አልፈው ነበር።

ሰው አሸክሜ ደሴ ወሰድኳት። ሐኪሙ አገላብጦ አያትና በሽታው እዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ አንዳንዱ ሰው መብላት ይተዋል አለኝ። ቤተሰቡ ከፈለገ ምግቡ በቱቦ እንዲገባላት አዲስ አበባ ይጽፍልኛል፤ ካልፈለገም መብቱ ነው፤ ተመካከሩበት ብሎ ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ሳጥን አለ። አንዱ «እስማማለሁ» ይላል፣ ሌላው «አልስማማም»። ከታች የፈራሚው ስም ነው።

ፎቶውን ስልክልህ «እስማማለሁ» የሚለውን በቀይ አክብበህ መለስክልኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብህም። እኔ ወረቀቱን አንብቤ ለመረዳት ብቻ ሦስት ቀን ፈጅቶብኝ ነበር፤ ሐኪሙም ተመካከሩ ነው ያለን እንጂ አክብቡ አላለንም።

በዚህ መሐል ነው ሙላት የመጣብኝ። ሙላት ነርስ ነው፣ ሁለተኛ ዲግሪውን ይማራል፣ ለመመረቂያው ጥናት ይሠራል። ጥናቱ «ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰ የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ቤተሰብ በቤት ውስጥ የሚንከባከብበት ሁኔታ» ይባላል፤ ርዕሱን አንብቦልኝ ሲጨርስ ራሱ ትንፋሽ አጠረው። የላከችብኝ የጤና ኤክስቴንሽኗ ናት። ሐይቅ ውስጥ ማውራት የማይሰለቻት ሴት ማን ናት ብሎ ቢጠይቃት ነው መቼስ። ስድሳ አራት ጥያቄ ይዞ መጣ።

እኔ የእማን ዳይፐር እቀይራለሁ፣ እሱ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ ይጠይቀኛል። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ድካም ተሰምቶዎት ያውቃል? በጭራሽ፣ አልፎ አልፎ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ።» ሁልጊዜ። ብቸኝነትስ? ሁልጊዜ። የሚያግዝዎት የቤተሰብ አባል አለ ወይ? ወንድም አለኝ፣ ትእዛዝ ይሰጣል አልኩት። ይህን የሚያስገባበት ሳጥን አጥቶ ብዙ ፈለገ። ድካምዎን ከአንድ እስከ አምስት በቁጥር ይግለጹልኝ ሲለኝ ከአምስት በላይ የላችሁም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። የለንም እትዬ አለኝና አምስትን አከበበ።

ክፋት እንኳ የለበትም። በየሁለት ሰዓቱ በጎን በጎኗ ካገላበጥኳት የመኝታ ቁስል እንደማይወጣባት ያሳየኝ እሱ ነው። ሲገባም ሲወጣም የእማን ጉልበት ይስማል። ግን ጥያቄው አያልቅም፤ ያለቀ ሲመስል ደግሞ ገጹን ይገለብጠዋል። ስድሳ ሦስቱን በሦስት ቀን ጨረስንና አንዷን ላስቀምጣት፣ ጥናቱ ሲያልቅ ነው የምትጠየቀው አለኝ። እኔም ተገላገልኩ ስል የምግብ መከታተያ የሚባል ቅጽ አወጣ። ጠዋት፣ ቀትር፣ ከሰዓት፣ ምሽት የሚል አምድ አለው፤ እማ በየአምዱ ስንት ማንኪያ እንደወሰደች ለሁለት ሳምንት መሙላት አለብኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ዝም ብሎ ሲቆም ደግሞ አንጀት ይበላል፤ ሞላሁለት።

ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ሙላት ወረቀቶቹን የስፌት መኪናዬ ላይ ደረደራቸው። ጠዋት ባዶ፣ ቀትር ባዶ፣ ከሰዓት ባዶ። ምሽት ግን አሥራ ሁለት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ አንድ ማንኪያ። አንድም ቀን ያልተለወጠ ነው። ምክንያቱ ብርሃን ይሆናል፣ ጫጫታ ይሆናል፣ የመድኃኒት ሰዓት ይሆናል እያለ ከሌላ ወረቀት ላይ ያነብልኝ ጀመር። እኔ ሰልችቶኝ ሻይ ላፈላለት ተነሳሁ።

ዕለቱ ረቡዕ መሆኑ ጠፍቶኝ ሻዩን በወተት አፍልቼ አቀረብኩለት። ሙላት ከንፈሩን ግጥም አደረገና ፊቱን ዘወር አድርጎ ብርጭቆውን በእጁ ጀርባ ገፋ አደረገው። ከዚያ አፍሮ፣ ጾም ነው እትዬ፣ አለኝ። እኔ ብርጭቆውን ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ። ያ ፊት ሁለት ወር ሙሉ ማንኪያ ይዤ ስለምነው የነበረው ፊት ነው።

እማ ጾማ ነው ሐቢብ። አፏን የምትዘጋብን ጾመኛ ስለሆነች ነው። ሰኞና ሐሙስ ጾማ ውጫሌ ገበያ ፀሐይ ላይ ምስር ስትሰፍር የምትውለውን ሴት እንዴት እንረሳለን? እኛ ስንበላ እያየች፣ ለደንበኛ እየሳቀች፣ ምራቋን እንኳ ስትውጥ አይተናት አናውቅም። ከታመመች ወዲህ ሐኪም ከልክሏል ብለን ስድስት ረመዳን አስፈጥረናታል። በየዓመቱ እየተቆጣችን በላች። አሁን መቆጣት ሲያቅታት አፏን ዘጋች። ሙላት ቅጹ ላይ «ምግብ እምቢ ያለችበት ምክንያት» የሚል ቦታ ላይ ያሉትን ምርጫዎች አንድ በአንድ አነበበ፤ ማኘክ መርሳት፣ መዋጥ መቸገር፣ ፍላጎት ማጣት። መጨረሻ ላይ «ሌላ» በሚለው ፊት ለፊት «ጾም» ብሎ ጻፈ። በማግሥቱ አስተማሪው ደውሎ ይህ ምንድን ነው ብሎታል።

በነጋታው ቀትር ላይ፣ ሙላትም ባለበት፣ ቴምር ፈጭቼ፣ አጥሚቱን አብርጄ፣ ጾም የሚፈታበትን የመግሪብ አዛን ከስልኬ ላይ ከፈትኩላት። እማ አዛኑን ሰማች። ከዚያ ቀስ ብላ አንገቷን ወደ መስኮቱ አዞረችና ፀሐዩን አየች። አየችና አፏን ዘጋች። ልጇን አታውቅም፣ ፀሐይ አለመጥለቋን ግን ታውቃለች። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም፤ ቁጭ ብዬ ከአንዲት ምንም ከማትናገር ሴት ጋር ተጨቃጨቅሁ። ጠልቃለች እላታለሁ፣ እሷ መስኮቱን ታያለች።

ለትምህርት ቤት ዩኒፎርም የገዛሁትን ወፍራም ሰማያዊ ጨርቅ አምጥቼ መስኮቱን በምስማር ጠረቀምኩት። ሩብ ሰዓት ያህል ጨለማው ውስጥ አብሬያት ተቀመጥኩ። ከዚያ አዛኑን ከፈትኩ፣ ቴምሩን ከንፈሯ ላይ አስነካሁና «ቢስሚላህ፣ አፍጥሪ እማ» አልኳት። አፏን ከፈተች። አሥራ ስምንት ማንኪያ በላች። ማንኪያውን እንደያዝኩ አለቀስኩ፤ ሙላትም ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ደጅ ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚህ ቤት መግሪብ በቀን ሦስት ጊዜ ይጠራል። አንዱ በረፋድ፣ አንዱ በቀትር፣ አንዱ በሰዓቱ። ሰው ሲዋሽ ራሱን መታዘቡ እንዴት እንደሚያደክም አልነግርህም፤ እየበላች ነው፣ ጉንጯም ትንሽ መለስ አለ፣ እኔም ልተነፍስ ነው ስል ኢንሳፍ መጣች።

ኢንሳፍን ታውቃታለህ፣ ግድግዳ የምትጋራን። በግድግዳው በኩል በቀትር መግሪብ ሲጠራ ሰምታ ነጠላዋን ጥላ ሮጣ ገባች። «ኩልሱም፣ ከዲን ወጣሽ እንዴ?» አለችኝ። ጥፋቴ ማስረዳቴ ነው። የእማን ጾም፣ የመስኮቱን ጨርቅ፣ የሙላትን ወረቀት አንድ ሳይቀር ነገርኳት። የአስር ሶላት ሳይደርስ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ የሰማው ግን ሌላ ነገር ነው። ስለ እማ፣ ዙሌይካ ቀልቧ ሄዶ እንኳ ጾሟን አልጣለችም፣ ከራማ አላት፣ ወሊይ ሆናለች፣ አላህ ልመናዋን ይሰማታል ተባለ። በማግሥቱ ሴቶች መምጣት ጀመሩ። አንዷ ለልጇ ፈተና፣ አንዷ ለጉልበቷ፣ አንዷ ለዱባይ ቪዛ ዱዓ እንድታደርግላት። ከአርዲቦ ሐይቅ ወዲያ በእግሯ የመጣች ነፍሰ ጡር እንኳ ነበረች።

እማ አትናገርም። ዝም ስትላቸው ዝምታዋን መልስ ነው እያሉ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። የማይሄዱት ደግሞ እስከ መግሪብ ቁጭ ይላሉ። በእነሱ ፊት መስኮት ዘግቼ ወሊይ በቀትር ላስፈጥር? የገዛ እናቴን ለማብላት አጥሚቱን ከጉርዴ ሥር ደብቄ የምገባበት ቀን መጣ። አንዷ ማንኪያውን አይታ «ምነው ልጅቱ፣ ጾሟን ልታስጥያት ነው?» ስትለኝ ማንኪያውን ወለሉ ላይ ወርውሬ በቀጥታ ሸህ ባድሩ ዘንድ ሄድኩ።

ሸህ ባድሩ አዳምጠውኝ ሲያበቁ ለረጅም ጊዜ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ቀልቡ የሄደ ሰው ጾም የለበትም» አሉኝ። «የሌለ ጾም ደግሞ አይፈርስም። አብያት ልጄ፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ።» አዛኑስ፣ ያለ ሰዓቱ መጥራቴስ አልኳቸው። ይህን ጊዜ ከፊተኛው ይበልጥ አሰቡ። ድምፁን ቀንሺው አሉኝ። ራሳቸው ቤት ድረስ መጥተው ሴቶቹን ዱዓ የፈለገ ከመግሪብ በኋላ ይምጣ ብለው አስነሱልኝ። ኢንሳፍ እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች። አኩርፋም ቢሆን የእማን አንሶላ በየጠዋቱ ወስዳ አጥባ፣ ሳታናግረኝ በአጥሩ ላይ ትሰጣልኛለች።

ይህን ሁሉ በሦስት የድምፅ መልእክት ልኬልህ ነበር። የመጀመሪያውን ሰምተህ ምን ብለህ እንደመለስክልኝ ታስታውሳለህ? በላች? አልሐምዱሊላህ፣ እንግዲህ ቱቦው ሲገባላት ደግሞ ትወፍራለች አልከኝ። ስልኩን ግድግዳ ላይ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። የእማ አዛን ያለበት ስልክ ስለሆነ ነው የተውኩት።

አንተ ስለማትሰማ ሙላትን ጠየቅሁት። ስለ ቱቦ ጥናቱ ምን ይላል አልኩት። እኔ እንድጠይቅ እንጂ እንድመክር አልተፈቀደልኝም አለኝ። ስድሳ ሦስት መልሼልሃለሁ፣ አንዲት መልስልኝ አልኩት። ደብተሩን ዘጋ።

«በሌላ አገር በብዙ ሕሙማን ላይ ተጠንቷል እትዬ» አለኝ። «እዚህ ደረጃ ላይ ለደረሰ ሰው ቱቦ ዕድሜ አይጨምርም፣ ትንታውንም አያስቀርም። ብዙዎቹ ይነቅሉታል። እንዳይነቅሉት እጃቸው ይታሰራል። የሚሻለው በእጅ፣ በዝግታ፣ እስከቻሉ ድረስ ማብላት ነው። ሲያቅታቸው ከንፈራቸውን ማራስ፣ አጠገባቸው መሆን።»

እጃቸው ይታሰራል ሲለኝ የእማን እጅ አየሁ። እማ ቀኑን ሙሉ ብርድ ልብሱን እየቆነጠረች ምስር ትሰፍራለች፤ ጣሳውን ትሞላለች፣ በመዳፏ ትጠርጋለች፣ ለደንበኛ ትመርቃለች። የቀራት ሥራ ያ ብቻ ነው። ነገርኩህ። አንተም «ጥናት የኔን እናት ከየት ያውቃታል?» አልከኝ። አየህ፣ ይህችን ሳትቆጣ ብትላት ኖሮ ልክ ነህ እልህ ነበር። እኔም ግማሽ ልቤ ካንተ ጋር ነበር። ቁጥር ላይ ያሉት ሰዎች እማ አይደሉም፤ እማ እኮ መስኮት አይታ የምትከራከር ሴት ናት።

አንድ ቀን ሙላትን አባረርኩት፣ ይህንንም ከኢንሳፍ ከምትሰማው እኔ ልንገርህ። ያቺን ያስቀመጣትን ስድሳ አራተኛ ጥያቄ ይዞ መጣ። «ከዚህ ኃላፊነት ነፃ ቢሆኑ ቀንዎን በምን ያሳልፉ ነበር?» ይላል። ምን ዓይነት የማይረባ ጥያቄ ነው። ሥራ ያለኝ ሰው ነኝ፣ የስፌት መኪና አለኝ፣ ደንበኛ አለኝ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የምሠራው ሞልቷል አልኩት። በየሁለት ሰዓቱ ማንን ላገላብጥ ነው፣ ለማን ነው መስኮት የምዘጋው ብዬ ፈርቼ ነው በቅጡ ያልመለስኩለት ብለህ እንዳታስብ። ሻይህን ጨርስና ሂድ አልኩት። ቦታውን ባዶ ትቶ ሄደ።

አሁን የማልፈልገው ቦታ ደረስኩ። ቅዳሜ ረፋድ መስኮቱን ዘጋሁ፣ አዛኑን ከፈትኩ፣ ቴምሩን አስነካኋት። አፏን ከፈተች፣ አልዋጠችም። አጥሚቱ በከንፈሯ ጥግ ወጣ። በቀትርም እንዲሁ። ምሽት ላይ ጨርቁን አንስቼ እውነተኛው መግሪብ፣ እውነተኛው ጨለማ እስኪመጣ ጠበቅሁ፤ የመስጊዱ አዛን ሲጠራ እኔም ጾሜን እንደዋልኩ ሁሉ ቢስሚላህ ብዬ ቴምሩን አስነካኋት። አፏን ከፈተችልኝ። አልዋጠችም። ወለም ዘለም የለውም፣ ስታኮርፍ አውቃታለሁ፣ ስትጾም አውቃታለሁ፤ ይህ ሁለቱም አይደለም። እሑድ ሙላት ያለ ወረቀት መጣ። የማስታመሚያ ዕቃውን እንጂ ጥያቄውን አልያዘም። ጎኗ ተቀምጦ ጥጥ በውሃ እያራሰ ከንፈሯን ሲያረጥብላት ቆየና ወደ እኔ ዞሮ ጉሮሮዋ ሥራውን እየተወ ነው እትዬ አለኝ። ስንት ቀን አልኩት። አላውቅም አለኝ። ስድሳ አራት ጥያቄ ያለው ሰው አላውቅም ሲል መስማት እንዴት እንደሚያስፈራ ልነግርህ አልችልም።

ትናንት ሰኞ ሹፌሩ ወንዱ መጣ። መኪናውን ወደ ኋላ አስገብቶ በሩ ድረስ አስጠጋው፤ ውስጡ ፍራሽ አንጥፏል፣ ትራስ አድርጓል፣ አንተ ያዘዝከውን ሁሉ አድርጓል። ጨዋ ሰው ነው። ትንሽ ታገሠኝ ብዬው ገባሁ። አዲስ አበባ ድረስ ያለውን መንገድ አሰብኩት። ኮምቦልቻን፣ ጣርማ በርን፣ እማ ፍራሹ ላይ ስትንገላታ፣ ከዚያ የማታውቀው ክፍል፣ የማታውቃቸው እጆች፣ ከዚያ ያ ማሰሪያ። ወረቀቱን አወጣሁና «አልስማማም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ከታች ስሜን በሙሉ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ለደሴው ሐኪም እንዲሰጥልኝ ለወንዱ ሰጠሁት። ወንድምሽን ምን ልበለው አለኝ። እምቢ ያለችው እህትህ ናት በለው አልኩት።

ሙላት ስለነገረኝ አይደለም። ሸህ ባድሩም አላዘዙኝም። እማ ራሷ ለመብላት ዝግጁ ሆና አፏን ከፍታ፣ መዋጥ ስላቃታት ነው።

ሐቢብ፣ ሁለታችንም የምናውቀውን አንድ ጊዜ ልጻፈው። ቱቦው ለእማ ሆድ አይደለም። ቆይታ እንድትጠብቅህ ነው። የዛሬ ሰባት ዓመት ሌሊት ተነስተህ በባቲ በኩል ስትወጣ ሳትሰናበታት ሄድክ፤ ብትነግራት እንደማትለቅህ ታውቅ ነበር። አንተ ባሕሩን ተሻግረህ ድምፅህ እስኪሰማ አርባ ቀን ደጃፍ ላይ ነው የዋለችው። በዓመቱ መርሳት ስትጀምር መጀመሪያ የረሳችው መሄድህን ነው። ይህን ነግሬህ አላውቅም። ለራት ሳህንህን ታስቀምጥ ነበር። አልሄድክባትም ሐቢብ፤ ለእሷ እዚሁ ነበርክ። የተጎዳኸው አንተ ብቻ ነህ።

ና ብዬህ አላውቅም፣ አሁንም አልልህም። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለህም፤ ከወጣህ መመለሻ የለህም፣ ሂዳያንና ሕፃኑን በሰው አገር ትተሃቸው አትመጣም። ጥር ላይ እመጣለሁ ብለኸኝ ቢሆን፣ አንዲት ቀን ቆርጠህ ብትነግረኝ፣ እጇን በገዛ እጄ አስሬ አቆይልህ ነበር። ወላሂ አደርገው ነበር፣ አላህ ይማረኝ። ግን የምትነግረኝ ቀን የለህም።

ስለዚህ የምትችለውን አድርግ። ይህን አንብበህ እንደጨረስክ ድምፅህን ቅዳና ላክልኝ። እኔን የምትቆጣበት አይሁን። ትናንት የላክኸውን ጆሮዋ ላይ አድርጌ አሰምቻታለሁ፤ አራት ደቂቃ ሙሉ ስትጮህብኝ እሷ እንቅልፍ ወሰዳት። ድምፅህን አውቃው ነው የተኛችው ብዬ አላጽናናህም። እሷን ለማብላት ስዋሽ ከርሜያለሁ፣ ላንተ ግን አልዋሽም። ሳልሰናበትሽ ሄድኩ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ በላት። ልጅህን አስጠጋውና እሱም ያጉረምርምላት። መልስ አትሰጥህም፤ አንተ ግን ብለኸው ትኖራለህ። ማልቀስ ከመጣብህ አልቅስበት፣ አጥፍተህ እንደገና ለመጀመር አትሞክር። ጊዜ የለንም።

ሂዳያን ሰላም በላት። ሕፃኑን ግንባሩን ሳምልኝ። አላህ ከፍተሻ፣ ከክፉ አሠሪና ከድንገተኛ ነገር ይሰውራችሁ፤ ወጥታችሁ የምትገቡበትን በር እሱ ይክፈትላችሁ፤ ልጅህ ሲያድግ ላንተ ከኔ የለሰለሰ እጅ ይስጥህ።

እማን ተሰናብተህ ስትጨርስ ድምፁን አታቁመው። እዚያው መጨረሻው ላይ ለኔም አውፍ ብዬሻለሁ በለኝ። የፈረምኩት እኔ ነኝ።

እህትህ
ዑምኩልሱም